«ቆጥቡ» ከማለታችሁ በፊት ዋጋውን ንገሩ

በየግቢው ብዙ ሰው የሚፈርምበት፣ ግን ጥቂት ሰው የሚያነበው አንድ ጽሑፍ አለ። ግጥም አይደለም፤ ልብ ወለድም አይደለም። ሂስ ተጽፎበት አያውቅም፤ በሥነ ጽሑፍ ምሽት አልተነበበም። ስሙ «የወጪ መጋራት ውል» ነው፤ በግቢ አማርኛ «ኮስት ሼሪንግ» ይባላል። በምዝገባ ቀን፣ በረጅም ሰልፍ መካከል፣ ከኋላ እየተገፋና ከፊት «ቶሎ በል እንጂ!» እየተባለ ይፈረማል። ይህች በማባዣ የምትታተም መጽሔታችን ስለ ጨረቃና ስለ ፍቅር ብዙ ቀለም አፍስሳለች፤ ዛሬ ስለ ዕዳ እንጽፋለን ስንል አፍንጫውን የሚነፋ አንባቢ አይጠፋም። ይንፋ። ሥነ ጽሑፍ የሰው ኑሮ ነው ካልን፣ የአባቱ በሬ ተሸጦ ከተማ የገባ ልጅ ኑሮ ያለው በዚያ ወረቀት ላይ ነው።

የምንሟገተው ከሁለት ወገኖች ጋር ነው። አንደኛው ወገን ከወንበሩ ሳይነሳ «ወላጅ ለልጁ ትምህርት አስቀድሞ ያቅድ፣ ይቆጥብ» እያለ የሚሰብከው ነው። ሁለተኛው ወገን እዚሁ መካከላችን ያለው፣ «ትምህርት ነጻ ነው፣ ነጻም መሆን አለበት፣ ሌላው ወሬ ነው» ብሎ ክርክሩን በአንድ መፈክር የሚዘጋው ነው። ሁለቱም አንድ ነገር ይደብቃሉ፤ የሚደብቁትም ዋጋውን ነው።

በመጀመሪያ ሰባኪውን እንጠይቅ። ለመሆኑ የኢትዮጵያ ቤተሰብ አያቅድም ያለው ማን ነው? የገጠሩን ሰው እንይ። ልጁ ሰባተኛ ስምንተኛ ክፍል ሲደርስ አባት በጓሮው ዳር ባሕር ዛፍ ይተክላል። ለምን ተከልክ ቢሉት «ለልጁ» ይላል። አራት አምስት ዓመት ቆይቶ ዛፉ ለአጣና ሲደርስ ልጁም አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ይጨርሳል። በሲዳማና በጅማ ቡናው፣ በሐረርጌ ጫቱ፣ በወሎና በጎንደር ወይፈኑና በጉ ይኸው ሥራ አለባቸው። በከተማ ደግሞ እናት ጉሊት ትቀመጣለች፤ እንጀራ ጋግራ ታስረክባለች፤ እቁብ ትጥላለች። «ዕጣዬን ለመስከረም አድርጉልኝ» ብላ የእቁቡን ዳኛ ትለምናለች። እንግዲህ ይህ ዕቅድ ካልተባለ ዕቅድ የሚባለው ምንድን ነው? ባንክ ቤት በር ላይ የተለጠፈው፣ ፈገግ ያለ ሕፃን ያለበት የቁጠባ ማስታወቂያ ብቻ ነው?

ከሁሉም የከበደው ዕቅድ የእህት ዕቅድ ነው። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይመክራል፤ ልጁ ይማር፣ ልጅቷ ትሂድ ይባላል። ቤሩት፣ ጅዳ ወይም ኩዌት ትሄዳለች። የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ እጅ ታስሮ፣ የሰው ቤት እየጠረገች፣ የሰው ልጅ እያሳደገች በየወሩ ትልካለች። ወንድሟ ሲመረቅ ጋውን ለብሶ ፎቶ ይነሳል፤ ፎቶው በስልክ ይላክላታል። በፎቶው ላይ እናት አለች፣ አባት አለ፣ አጎት አለ፤ እሷ ግን የለችም። ወጪ መጋራት ማለት በእውነቱ ይኸ ነው። ከመንግሥት ጋር የተጋራነው በወረቀት ተጽፏል፤ ከእህቶቻችን ጋር የተጋራነውን የጻፈው የለም። ለዚህ ቤተሰብ ነው «ቁጠባ ልመዱ» የሚባለው። የሚያሳፍር ስብከት ነው!

የጎደለው ቁጠባ ሳይሆን ዋጋው ነው። ለሠርግ የሚደግስ ሰው ስንት እንግዳ እንደሚመጣ ገምቶ ጤፉንና ጌሾውን ያዘጋጃል። ልጁን ዩኒቨርሲቲ የሚልክ ሰው ግን ስንት እንደሚያወጣ፣ መቼ እንደሚያወጣና ከዚያ ውስጥ ስንቱ የልጁ ዕዳ ሆኖ እንደሚቆይ የሚነግረው የለም። ስለዚህ የምናውቀውን እንንገረው።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ወጪ መጋራትን ሕግ አደረገው፤ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮም ሥራ ላይ ውሏል። ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ የትምህርቱን ወጪ ደግሞ 15 በመቶ ይሸከማል። ገንዘቡን አሁን አይከፍልም፤ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይከፍላል። አስቀድሞ መክፈል ለቻለ ቅናሽ አለው። መምህር የሚሆን ሰው በገንዘብ ፈንታ በአገልግሎት ዕዳውን እንዲያወራርድ መንገድ ተከፍቶለታል። እነዚህ ሁሉ በጽሑፍ የሰፈሩ ናቸው። ግን የትኛው የቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነገሩ? የትኛው የወላጆች ቀን ላይ ተብራሩ? ቅናሽ መኖሩን የሚያውቀው ቅናሹ የማያስፈልገው ባለገንዘብ ነው። ባላገሩ ልጁ ባለዕዳ መሆኑን የሚሰማው ልጁ ተመርቆ «ኦሪጅናሉ አልተሰጠኝም» ሲለው ነው። ዕዳ ከሜዳ ማለት ይኸ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሒሳቡ እንግባ። የአንድ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት ለብዙ ዓመታት 15 ብር ነበር። በዚያ ገንዘብ ምን ዓይነት ወጥ እንደተበላ የካፌ ሰው ያውቀዋል፤ እዚህ አንዘረዝረውም። በኋላ 22 ብር ሆነ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የቀን በጀቱ 100 ብር ገባ። እሰየው፣ ሆድ አይዋሽም፤ ጭማሪው ያስፈልግ ነበር። ነገር ግን በደንቡ መሠረት የምግብ ወጪ ሙሉ በሙሉ የተማሪው ዕዳ ነው። ስለዚህ 100 ብሩ የተሰጠን ስጦታ አይደለም፤ የተበደርነው ገንዘብ ነው። በቀን 100 ብር በወር 3,000 ብር ነው። በዓመት አሥር ወር ብንቆጥር 30,000፣ በአራት ዓመት 120,000 ብር ይሆናል። ይህ የምግብ ብቻ ነው፤ መኝታና ትምህርት ገና አልተነሡም። ተመራቂው 10,000 ብር ደመወዝ አገኘ እንበል። አሥር በመቶው 1,000 ብር ነው። በዚህ አካሄድ የምግቡን ዕዳ ብቻ ለመጨረስ 120 ወር፣ ማለትም አሥር ዓመት ያስፈልገዋል። በ22 ብር ዘመን የገባና በ100 ብር ዘመን የገባ ልጅ አንድ ዓይነት ወረቀት ይፈርማሉ፤ የሚሸከሙት ግን አንድ አይደለም። ይህን ልዩነት ቁጭ ብሎ ለቤተሰብ ያስረዳ አለ? የለም።

በውሉ ላይ ያልተጻፈው ወጪ ደግሞ ሌላ ነው። ምደባ ወጥቶ የጎንደሩ ልጅ ጅጅጋ፣ የጅማው ልጅ ወልድያ ይደርሰዋል። የአውቶቡሱ፣ የመንገድ ላይ አልጋው፣ የብርድ ልብሱ፣ የአንሶላው፣ የሳሙናው፣ የኮፒው፣ የስልክ ካርዱ ወጪ የማን ነው? የሴት ተማሪዋ የሞዴስ ወጪስ? የካፌው ምግብ ለጤናው አልስማማ ብሎት «ነን ካፌ» የገባው ተማሪ ከሚሰጠው ገንዘብ በላይ የሚያወጣውን ማን ይሸፍነዋል? ይህ ሁሉ በየሳምንቱ በስልክ «እማዬ፣ ትንሽ ላኪልኝ» እየተባለ ከቤት የሚወጣ ነው። መጠኑን አስቀድሞ የነገራት ሰው ስለሌለ እናት በላከች ቁጥር የመጨረሻው ይመስላታል።

ከመጠኑም የባሰው ጊዜው ነው። «ጥሪ» የሚባለው ነገር መቼ እንደሚወጣ አይታወቅም። ወረርሽኙና ጦርነቱ የትምህርት ዘመኑን ካናጉት ወዲህ መስከረም መስከረም መሆኑ ቀርቷል። ጥሪው ወጥቶ ምዝገባው ጥቂት ቀን ሲቀረው ቤተሰቡ በሬውን ይዞ ገበያ ይወጣል። የቸኮለ ሻጭ መሆኑን ነጋዴው ፊቱን አይቶ ያውቃል፤ ዋጋ ይሰብርበታል። ባሕር ዛፉም እንደዚሁ ሳይደርስ ተቆርጦ በርካሽ ይሄዳል። የጥሪው ቀን ከሦስት ወር በፊት ቢታወቅ ያው በሬ በበዓል ገበያ በደህና ዋጋ በተሸጠ ነበር። ልብ በሉ፤ ይህን ለማድረግ መንግሥት አንዲት ሳንቲም አያወጣም። ቀን ቆርጦ መናገርና በተናገሩት መቆም ብቻ ይበቃል። ቤተሰብን በዕቅድ መርዳት ከፈለጋችሁ ከዚህ ጀምሩ።

ወደ ሁለተኛው ወገን እንለፍ፤ «ትምህርት ነጻ ነው» ወደሚለው። ወንድማችን፣ ትምህርት ለባላገሩ መቼ ነጻ ሆኖ ያውቃል? በ1940 ዓ.ም. በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጣለ። ግብሩ ከገጠር ይሰበሰብ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ግን በአብዛኛው የሚሠራው በከተማ ነበር። ልጁ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ገበሬ የሌላውን ልጅ ያስተምር ነበር ማለት ነው። በኋላም «ሴክተር ሪቪው» የተባለው ጥናት ሲመጣ፣ የድሃው ልጅ ታች ባለው ክፍል ይቅር የሚል መስሎ የታየው ሕዝብ ተቆጣ፤ መምህራን በየካቲት 1966 ዓ.ም. ሥራ አቆሙ። ያ ቁጣ ከአብዮቱ መነሻዎች አንዱ ሆነ። ያ ትውልድ የጠየቀው ጥያቄ ዛሬም አልሞተም፦ የትምህርትን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው? በትምህርቱ የሚጠቀመውስ ማን ነው?

ይህን ጥያቄ በቅንነት ከጠየቅን መልሱ እኛንም ይነካናል። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ። እንግዲህ ከመቶ ቤተሰብ ከዘጠና በላዩ ልጁን አሥራ ሁለት ዓመት አስተምሮ፣ ደብተር ገዝቶ፣ ከእርሻ ሥራ አስቀርቶ፣ በመጨረሻ ባዶ እጁን ቀረ። ዕድል የቀናው በሬሜዲያል አለፈ፤ ሌላው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ገባ፤ ሌላው ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከዚያ ልጁ ካልገባለት አባት ኪስ በጨው፣ በስኳርና በነጭ ጋዝ ላይ በሚከፈል ግብር ገንዘብ ወስደን የኛን ሙሉ ወጪ እንሸፍን ማለት ፍትሕ ነው? አይደለም። ስለዚህ «ተመራቂው ከሚያገኘው ላይ ያካፍል» የሚለውን መርሕ አንቃወምም። ይህን ስንል «አድርባዮች» የሚለን ካለ፣ መፈክሩን ይዞ ያ አባት ዘንድ ይሂድና ያሳምነው።

ነገር ግን መጋራት ማለት ሁለቱም ወገን የሚያውቁትን ነገር መካፈል ነው። አንዱ ዋጋውን የሚያውቅበት፣ ሌላው የሚፈርምበት ነገር መጋራት አይባልም። ደግሞም ዕዳ በአቅም መሆን አለበት። አውስትራሊያ በ1981 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1989) እንዲህ ያለውን ክፍያ ስታቋቁም፣ ተመራቂው ገቢው ከተወሰነ መጠን ላይ እስኪደርስ ድረስ ምንም አይከፍልም አለች። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ትምህርቱ ካበላህ ትከፍላለህ፤ ካላበላህ ትጠበቃለህ። እኛ ዘንድ ግን የሚሆነው ምንድን ነው? ተመራቂው ቴምፖውን ይዞ ይወጣል፤ ኦሪጅናል ዲግሪው ዕዳው እስኪዘጋ ታስሮ ይቀመጣል። ዕዳውን ለመክፈል ሥራ ያስፈልጋል፤ ደህና ሥራ ደግሞ «ኦሪጅናል አምጣ» ይላል። ውጭ አገር ለመማር ዕድል ያገኘም ትራንስክሪፕቱን ለማስላክ መጀመሪያ ዕዳውን ይጠየቃል። በዚህ ጊዜ ማን ይጠራል? ያው አባት፣ ያችው እህት። ሁለተኛው በሬ ይሸጣል። ሥራ ያጣን ልጅ ወረቀት መያዝ ዕዳ ማስከፈያ መንገድ አይደለም፤ ዕዳውን ካልፈረመው ሰው መሰብሰብ ነው።

ሌላም የሚመጣ ነገር አለ። በ2015 ዓ.ም. የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ወጣ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆነ፤ ከፍለው የሚማሩ ተማሪዎችንም መቀበል ያዘ። ሌሎችም ይከተላሉ ተብሏል። ለዩኒቨርሲቲ ነጻነት ጠላት አይደለንም፤ ነጻነቱ የማን ኪስ ላይ እንደሚቆም ግን እንጠይቃለን። «ለድሃው ነጻ የትምህርት ዕድል አለ» ይባላል። ድሃው በምን ይለካል? በቀበሌ ደብዳቤ? የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ በወረቀት ላይ ስለተጻፈ ሁሌም «ያለው» ይባላል። ባለሱቁ ገቢውን ሲደብቅ «የሌለው» ሆኖ ይቀርባል። ገበሬው ደግሞ መሬቱ በሄክታር ይቆጠራል እንጂ ድርቁ አይቆጠርለትም። ሚዛኑ ሳይስተካከል ክፍያው ከቀደመ፣ የዩኒቨርሲቲ በር ከጉብዝና ይልቅ ለደረሰኝ የሚከፈት ይሆናል።

እንግዲህ አቋማችን ይኸ ነው፤ ሳንሸራርፍ እናስቀምጠው።

1ኛ/ የሚመጣው ዓመት የምግብ፣ የመኝታና የትምህርት ወጪ፣ ከሱም ውስጥ የተማሪው ድርሻ፣ ከምዝገባ ሦስት ወር በፊት በሬዲዮና በየትምህርት ቤቱ፣ ሕዝቡ በሚናገራቸው ቋንቋዎች ይገለጽ።

2ኛ/ የጥሪና የምዝገባ ቀን አስቀድሞ ይቆረጥ፤ ከተቆረጠም አይለወጥ።

3ኛ/ ውሉ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪና ለወላጁ ይነበብ። አራት ዓመት ሲቀረው ያወቀ ቤተሰብ ዛፍ ይተክላል፤ አራት ቀን ሲቀረው ያወቀ ቤተሰብ አራጣ ይበደራል።

4ኛ/ ገቢው ለኑሮ ከማይበቃ ተመራቂ ተቆራጭ አይቆረጥ፤ ሥራ ያላገኘ ሰው ኦሪጅናል ወረቀት አይያዝበት።

5ኛ/ ከፍለው የሚማሩ ተማሪዎች በሚገቡበት ዩኒቨርሲቲ ሁሉ የድሃውን ልጅ የሚለየው መመዘኛ ለሕዝብ ይፋ ይሁን፤ ቅሬታ የሚሰማበት ቦታም ይኑረው።

«እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ? ማዘዝ ለማንም ይቀላል» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ መጠየቅ ብቻውን ሥራ አይሆንም። የቆሎ ተማሪ በአኩፋዳው ለምኖ የተማረባት አገር ናት ይህች። ያን ተማሪ ያበላው አንድ ሀብታም አልነበረም፤ መንደሩ በሙሉ እፍኝ እፍኝ አዋጥቶ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። እኛም እፍኛችንን እናዋጣ።

በመጪው ክረምት ወደየአገራችን ስንበተን እያንዳንዳችን ወደ ተማርንበት ትምህርት ቤት እንሂድ። አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ፣ በሲዳምኛ እናባዛዋለን። ምን ይጻፍበት? ውሉ ምን እንደሚል፣ ዕዳው በግምት ስንት እንደሚሆን፣ የመጀመሪያው ወር ምን ምን ዕቃ እንደሚጠይቅ፣ የትራንስፖርቱ ዋጋ፣ ቅናሹ፣ የመምህርነቱ አማራጭ። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፈን አንመለስም። እድሩ በሚሰበሰብበት፣ ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር፣ ከመስጊድ ደጃፍ፣ ከገበያው ዋርካ ሥር ቆመን እናነበዋለን። ማንበብ ለማይችለው እናስረዳዋለን፤ ቢጠይቀን እንመልሳለን። ጎበዝ ተማሪ ሆነን ልንታይ ሳይሆን ሒሳብ ልንነግረው እንሂድ። «ልጄ ሴት ናት፣ ትቅር» ለሚል አባት ደግሞ የምንለው አለን፦ ጅዳ ለመላክ የሚወጣው ገንዘብ እሷኑ ለማስተማር ይውላል።

በግቢ ውስጥም አዲስ ገቢ ፍሬሽ ተማሪ በመጣ ጊዜ በየዶርሙ እቁብ እንጀምር። አንድ ብርድ ልብስና የአንድ ወር የሳሙና ገንዘብ የሌለው ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ተስፋ ቆርጦ ሻንጣውን ሲያነሳ ያየ ሰው፣ ነገሩ ትንሽ እንዳልሆነ ያውቃል። ቀደም ብለው የተመረቁ ወንድሞችና እህቶችም ከዚህ ሥራ አይጉደሉ። አንድ የደህና ቀን የማኪያቶ ሒሳብ እዚህ ብዙ ይሠራል።

በመጨረሻ ለሰባኪው አንድ ቃል አለን። ሰፊው ሕዝብ ለልጁ የማያስብ ሆኖ አያውቅም። ያልበላውን አብልቶ፣ ያልለበሰውን አልብሶ ነው እኛን እዚህ ያደረሰን። የምትሰጡት ምክር ካላችሁ ቁጥሩን ስጡት፤ ቀኑን ስጡት፤ ሚዛኑን አስተካክሉለት። ቀሪውን እሱ ያውቅበታል። እኛም ብዕራችንን ካነሳን አይቀር፣ በሚቀጥለው የምዝገባ ሰልፍ ላይ ከመፈረማችን በፊት ያንን ወረቀት ጮክ ብለን እናንብበው። ከኋላ ያለው «ቶሎ በል!» ቢል እንኳ ድምፃችንን ከፍ እናድርግለት፤ እሱም ይስማው፤ ዕዳው የሱም ነውና።